ይዞታው ስንት ነው፣ የታረሰውስ? የሞባይል ኩባንያዎችን ስፔክትረምና የኔትወርክ ብቃት በራስ ለማነጻጸር

ስልኩ ላይ የሲግናል ምልክቱ ሙሉ ነው። ከጎኑ 5ጂ ይላል። ቪዲዮው ግን አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይቆማል። ይህ ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኩባንያ "ከሁሉም የሰፋ ስፔክትረም ያለኝ እኔ ነኝ" ብሎ ሲያስተዋውቅ ሰማሁ። ስፔክትረም ማለት የስልክ መረጃ በአየር ላይ የሚጓዝበት የሬዲዮ ሞገድ ነው። ቁጥሩን ሳየው ልቤ ሸፈተ። ሲም ቀየርኩ። ቤት ገብቼ ስሞክረው ግን ከበፊቱ ብሶ ቁጭ አለ። ነገሩን ሳጣራ ያ ሰፊ ባንድ (ባንድ የስፔክትረም አንድ ክፍል ነው) እኔ ሰፈር ባለው ታወር ላይ ገና አልተሰቀለም። ኩባንያው አልዋሸም፣ ፈቃዱ በእጁ ነው። ስፔክትረሙን በእርሻ ብንመስለው ግን መሬቱ ጦሙን አድሯል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቁጥሮችን ለይቼ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ይዞታው ነው፣ ማለትም ኩባንያው ፈቃድ ያገኘበት ስፔክትረም። ሌላው የታረሰው ነው፣ ማለትም እኔ ባለሁበት ቦታ በእርግጥ አየር ላይ የዋለው። ማስታወቂያ የሚነግረን የመጀመሪያውን ነው። ስልካችን የሚኖረው በሁለተኛው ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱን አጋጥሞ ለማየት ነው። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር ወይም ኤክሴል፣ የምታነጻጽሯቸው ኩባንያዎች ሲም (ስልካችሁ ኢሲም፣ ማለትም ካርድ የማያስፈልገው ዲጂታል ሲም፣ የሚቀበል ከሆነ በጣም ይቀላል) እና የአንድ ሳምንት ትዕግሥት ነው።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

"የትኛው ኔትወርክ ይሻላል?" ተብሎ ከተጀመረ መጨረሻ የለውም። ጥያቄው "እኔ በምውልበትና በማድርበት ቦታ፣ እኔ በምጠቀምበት ሰዓት፣ ለእኔ ሥራ የትኛው ይሻላል?" መሆን አለበት።

ከሦስት እስከ አምስት ቦታ ጻፉ። "ቤት" ብላችሁ አትለፉት። መኝታ ክፍሉ ከሳሎኑ ይለያል፣ ምድር ቤት ደግሞ ከሁለቱም። ከዚያ ሁለት ሰዓት ምረጡ፤ አንዱ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ የሚሆንበት የምሽት ሰዓት፣ ሌላው ጸጥ ያለ ማለዳ። በመጨረሻ ዋና ሥራችሁን ጻፉ። የቪዲዮ ስብሰባ የሚያበዛ ሰው አፕሎድና ፒንግ (መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) ያስጨንቁታል። ፊልም የሚያይ ሰው ዳውንሎድ ይበቃዋል።

2. ይዞታውን መዝግቡ

ስፔክትረም የሚሰጠው በመንግሥት ፈቃድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨረታ። ስለዚህ መዝገቡ በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። የምትፈልጉት በየአገሩ ያለውን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ነው። በአሜሪካ ኤፍሲሲ ዩኤልኤስ የሚባል የፈቃድ መዝገብ አለው። በብሪታኒያ ይህን የሚይዘው ኦፍኮም ነው። በፈረንሳይ ኤኤንኤፍአር ካርቶራዲዮ የተባለ ካርታ አለው፤ አንቴናዎቹ የት የት እንደተተከሉ ጭምር ያሳያል።

ለእያንዳንዱ ኩባንያ አምስት ነገር ጻፉ፦ ባንዱ (800፣ 1800፣ 3500 ሜጋኸርዝ እያላችሁ፤ ሜጋኸርዝ የሞገድ መለኪያ ነው)፣ ስፋቱ (እሱም በሜጋኸርዝ)፣ ጥንድ ነው ወይስ ነጠላ፣ ፈቃዱ የሚሸፍነው አካባቢ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ዓመት።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። ፈቃዱ የተመዘገበው ሁልጊዜ በምናውቀው የንግድ ስም አይደለም። በአሜሪካ መዝገብ ቬራይዘንን ስትፈልጉ ሴልኮ ፓርትነርሺፕ የሚል ታገኛላችሁ። ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ ኒው ሲንጉላር ዋየርለስ በሚል ስም ብዙ ፈቃድ አለው። የእህት ኩባንያዎቹን ስም ያላወቀ ሰው ግማሹን ይዞታ ሳያየው ያልፋል።

ሁለተኛው አቆጣጠር ነው። ጥንድ ባንድ ማለት አንዱ ክፍል ከታወር ወደ ስልክ፣ ሌላው ከስልክ ወደ ታወር የሚሄድበት ነው፤ ባለሙያዎች ኤፍዲዲ ይሉታል። "2 በ10" ተብሎ ከተጻፈ በድምሩ 20 ሜጋኸርዝ ነው፣ ለዳውንሎድ የሚውለው ግን 10 ብቻ ነው። አንዱ ዘገባ 10 ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው 20። ሁለቱን ካቀላቀላችሁ ንጽጽሩ ከመነሻው ተበላሸ። ነጠላ ባንድ ወይም ቲዲዲ የሚባለው ደግሞ ያንኑ ሞገድ በጊዜ ተራ ለመላክም ለመቀበልም ይጠቀምበታል።

3. በሦስት ክምር ክፈሉት

ሁሉም ሜጋኸርዝ እኩል አይደለም። ስለዚህ ሳትደምሩ በፊት ለዩት።

ከ1000 ሜጋኸርዝ በታች ያለው (600፣ 700፣ 800፣ 900) ዝቅተኛ ባንድ ነው። ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ይበሳል። ችግሩ ጠባብ መሆኑ ነው። አንድ ኩባንያ እዚህ 2 በ10 ካለው ደህና ይዟል ይባላል።

ከ1 እስከ 6 ጊጋኸርዝ ገደማ ያለው መካከለኛ ባንድ ነው። 1800፣ 2100፣ 2600 የ4ጂ የጀርባ አጥንት ናቸው። በ3500 አካባቢ ያለው፣ በስልክ ዝርዝር ላይ ኤን 78 ወይም ኤን 77 ተብሎ የሚጻፈው፣ አብዛኛው ዓለም 5ጂን የዘረጋበት ነው። አንድ የ4ጂ ተሸካሚ ሞገድ ቢበዛ 20 ሜጋኸርዝ ነው የሚሰፋው። 5ጂ በዚህ ባንድ እስከ 100 ሜጋኸርዝ በአንድ ጊዜ ይይዛል። የፍጥነቱ ልዩነት ዋናው ምንጭ ይኸው ስፋት ነው።

ከ24 ጊጋኸርዝ በላይ ያለው ሚሊሜትር ሞገድ ነው። ስፋቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋኸርዝ ስለሆነ ወረቀት ላይ ያለውን ድምር ያሳብጠዋል። የሚያገለግለው ግን ታወሩ ወይም አንቴናው ከነፊቱ ሲታይ ነው። ቬራይዘን እ.ኤ.አ. በ2019 5ጂን በቺካጎና በሚኒያፖሊስ የጀመረው በዚህ ሞገድ ነበር። መንገዱ ጥግ ላይ ፍጥነቱ ጉድ ያሰኛል፣ ጥቂት ስትራመዱ ይጠፋል። እኔ ይህን ክምር ከዋናው ድምር ውስጥ ፈጽሞ አላስገባውም። ለብቻው እጽፈዋለሁ። የምውለው ስታዲየም ወይም ባቡር ጣቢያ ውስጥ ካልሆነ አያገባኝም።

የባንዶቹ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን፣ አንቴናው ያው ከሆነ፣ በክፍት አየር ላይ ያለው ብክነት 6 ዴሲቤል (የሲግናል ኃይል ልዩነት መለኪያ) ይጨምራል። ከ700 ወደ 3500 አምስት እጥፍ ነው። ይህ 14 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ በኃይል ስናሰላው 25 እጥፍ። ይህ ግድግዳውን ሳንቆጥር ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር ልጨምር። በ3500 ላይ የሚሰቀሉት አዳዲስ አንቴናዎች በውስጣቸው 32 ወይም 64 ትንንሽ ማሰራጫ ስላላቸው ጨረሩን ወደ ተጠቃሚው ሰብስበው ይልካሉ። ጉድለቱን በከፊል ያካክሱታል። ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ግን ዝቅተኛውን ባንድ አይተካም።

4. ሜጋኸርዙን ወደ አቅም መንዝሩት

አሁን ለዳውንሎድ የሚውለውን ብቻ አውጡ። ለጥንድ ባንድ አንዱን ክፍል ብቻ ውሰዱ። ለነጠላ ባንድ ሦስት አራተኛውን ውሰዱ፤ ኩባንያዎች በአብዛኛው የጊዜውን ትልቅ ድርሻ ለዳውንሎድ ስለሚመድቡ ይህ ለግምት ይበቃል።

ምሳሌ ላስቀምጥ። ኩባንያዎቹ የሉም፣ ቁጥሩም ለስሌት ብቻ ነው።

ኩባንያ ሀ፦ 800 ላይ 2 በ10፣ 1800 ላይ 2 በ20፣ 2100 ላይ 2 በ15፣ 3500 ላይ ነጠላ 40።
ኩባንያ ለ፦ 800 ላይ 2 በ5፣ 1800 ላይ 2 በ10፣ 3500 ላይ ነጠላ 100።

ሁለቱንም ደምሩ። ሀ 130፣ ለም 130። በማስታወቂያ እኩል ናቸው።

ለዳውንሎድ ብቻ ስናሰላ ሀ 10 + 20 + 15 + 30፣ ማለትም 75 ይሆናል። ለ 5 + 10 + 75፣ ማለትም 90። ለ በለጠ። በዝቅተኛ ባንድ ግን ሀ 10፣ ለ 5። ቤት ውስጥ ሀ በለጠ። አንድ ድምር ሦስት መልስ ሰጠን።

ከዚህ ላይ ለ2ጂና ለ3ጂ የተያዘውን ቀንሱ። ያረጁ ኔትወርኮች የራሳቸውን ቦታ ይፈልጋሉ፤ ያ ቦታ ለ4ጂና ለ5ጂ አይሆንም። የሕንዱ ጂዮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ሲጀምር በ4ጂ ብቻ ነበር የጀመረው። ድምፅም ሳይቀር በ4ጂ ነው የሚያስተላልፈው። ስለዚህ ያለውን ስፔክትረም ለአሮጌ ቴክኖሎጂ መክፈል አላስፈለገውም። ነባር ኩባንያዎች ይህ ዕድል የላቸውም። 2ጂና 3ጂ ሲዘጋ ሞገዱ ተመልሶ ለአዲሱ ይውላል፤ እንዲህ ያለ ዜና ስትሰሙ ሠንጠረዣችሁን አስተካክሉ።

ለምን ስፋቱ ላይ እንዲህ እንደማተኩር ልንገራችሁ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባስቀመጠው ቀመር መሠረት የአንድ መስመር አቅም ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙም እጥፍ ይሆናል። የሲግናሉ ኃይል እጥፍ ሲሆን ግን የሚገኘው ጭማሪ ለእያንዳንዱ ኸርዝ ቢበዛ በሰከንድ አንድ ቢት ነው። ሙሉ የሲግናል ምልክት እያለ ቪዲዮው የሚቆመው ለዚህ ነው። ሲግናሉ ጠንካራ ነው፣ ማሳው ጠባብ ነው፣ የሚካፈለው ሰው ብዙ ነው።

5. በሰውና በታወር አካፍሉ

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን አንድ እርምጃ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምመርጠው።

በአንድ ታወር ላይ ያለው አቅም እዚያ ላሉት ሁሉ የጋራ ነው። 20 ሜጋኸርዝ 4ጂ በሁለት አንቴና በወረቀት 150 ሜጋቢት በሰከንድ ይሰጣል ይባላል። ይህ ታወሩ ሥር ብቻውን ለቆመ ስልክ ነው። ከታወሩ ቅርብም ሩቅም ያሉ ሰዎች በተቀላቀሉበት በተጨናነቀ ሰዓት፣ ታወሩ በአንድ አቅጣጫ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሜጋቢት ቢሰጥ ነው። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ዳውንሎድ ቢያደርግ ለእያንዳንዱ ሦስት ወይም አራት ይደርሰዋል።

ስለዚህ የደንበኛ ብዛትና የታወር ብዛት ፈልጉ። የደንበኛው ቁጥር በኩባንያዎቹ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ይገኛል። የታወሩ ቁጥር አንዳንዴ እዚያው፣ አንዳንዴ ተቆጣጣሪው ጋ አለ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሀ 10 ሚሊዮን ደንበኛና 5,000 ታወር አለው እንበል። በአንድ ታወር 2,000 ሰው ማለት ነው። ለ 4 ሚሊዮን ደንበኛና 2,500 ታወር አለው እንበል። በአንድ ታወር 1,600 ሰው። ለአንድ ሺህ ሰው የሚደርሰውን የዳውንሎድ ሜጋኸርዝ ስናሰላ ሀ 37.5፣ ለ ደግሞ 56 ገደማ ይሆናል። ለ በግልጽ ያሸንፋል።

አሁን አንድ ነገር ቀይሩ። እናንተ ሰፈር ሁለቱም 3500ን ገና አልሰቀሉትም እንበል። የሀ 75 ወደ 45 ይወርዳል፣ ለሺህ ሰው 22.5። የለ 90 ወደ 15 ይወርዳል፣ ለሺህ ሰው 9 ገደማ። አሸናፊው ተገለበጠ፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ነበር። በአገር ደረጃ ትክክል የሆነ ቁጥር ሰፈራችሁ ላይ ስህተት ሊሆን ይችላል።

6. የታረሰውን በስልካችሁ እዩ

ፈቃድ ከማግኘት እስከ ማሰራጨት ያለው ጊዜ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሲ ባንድ የሚባለው የአሜሪካ መካከለኛ ባንድ ጥሩ ማሳያ ነው። ጨረታው እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ሲያልቅ ጠቅላላ ዋጋው 81 ቢሊዮን ዶላር ገባ። ቬራይዘን ብቻውን ወደ 45 ቢሊዮን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ወደ 23 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። በማግሥቱ የደንበኛው ስልክ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሞገዱን ይጠቀሙበት የነበሩት የሳተላይት ኩባንያዎች መልቀቅ ነበረባቸው፤ የመጨረሻው ክፍል ነጻ የሆነው በ2023 ነው። አየር ላይ የዋለው በጥር 2022 ሲሆን፣ ያኔም የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያዎችን ሊረብሽ ይችላል በሚል ስጋት በአውሮፕላን ማረፊያዎች አካባቢ ተገድቦ ነበር።

በዚያው ጊዜ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቲ ሞባይል ተፎካካሪውን ስፕሪንትን በሚያዝያ 2020 ጠቅልሎ በ2.5 ጊጋኸርዝ ላይ ሰፊ ይዞታ አግኝቷል። ይህ ሞገድ ነጻ እስኪሆን የሚጠበቅ አልነበረም። ወዲያው ታወር ላይ ይሰቀል ጀመር። ቲ ሞባይል ቀጥለው በመጡት ዓመታት በፍጥነት መለኪያዎች ከፊት ሆኖ የታየበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

እናንተ ሰፈር ያለውን ለማየት ስልካችሁ ይበቃል። በአንድሮይድ ኔትሞንስተር ወይም ሴልማፐር የተባሉትን መተግበሪያዎች ጫኑ። የተያያዛችሁበትን ባንድ፣ የታወሩን መለያና የሲግናሉን ጥራት ያሳያሉ። በአይፎን መተግበሪያዎች ይህን መረጃ ማንበብ አይፈቀድላቸውም፤ *3001#12345#* ብላችሁ ስትደውሉ ግን የተደበቀ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል።

ከዚያ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ።

ባንዱን። ዝርዝራችሁ ላይ ያሉት ባንዶች በሙሉ መታየት አለመታየታቸውን አረጋግጡ። ስልኩ ሥራ ሲፈታ ወደ አንዱ ባንድ ብቻ ይሰበሰባል። ስለዚህ ትልቅ ፋይል ዳውንሎድ እያደረጋችሁ ተመልከቱ፤ ተደራቢዎቹ ባንዶች የሚገለጡት ያኔ ነው።

አር ኤስ አር ፒ የሚለውን። ይህ የሲግናሉ ጥንካሬ ነው፣ በአሉታዊ ቁጥር ይጻፋል። ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። -80 በጣም ጥሩ ነው። -100 መካከለኛ ነው። ከ-115 በታች ከሆነ መቆራረጥ ይጀምራል።

ኤስ አይ ኤን አር የሚለውን። ይህ ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል። ከ20 በላይ ንጹሕ ነው። ከዜሮ በታች ከሆነ የአጎራባች ታወሮች ጫጫታ ውጦታል። ስልኩ ላይ ያለው የሲግናል ምልክት ይህን አይነግራችሁም። እኔ ከሁለቱ ይልቅ ይህንን ነው የማምነው።

የስልካችሁንም ባንዶች አመሳክሩ። ለሌላ ገበያ የተሠራ ስልክ 700 ወይም 600 ላይ ላይሠራ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ኩባንያው ምንም ቢሰቅል ለእናንተ የለም ማለት ነው። ስልኩን ሳትፈትሹ ኩባንያውን አትውቀሱ።

7. ለኩ

መለካት ቀላል ይመስላል። በትክክል መለካት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዋይፋይና ቪፒኤን አጥፉ። ለሁለቱም ሲሞች አንድ ስልክ ተጠቀሙ፤ ሁለት የተለያዩ ስልኮች ከሆኑ የምትለኩት የስልኮቹን አንቴና ነው። ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ። ስልኩ ከጋለ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የመለኪያውን ሰርቨር ራሳችሁ ምረጡና ለሁለቱም ያንኑ ተጠቀሙ። ኩባንያው የራሱ ኔትወርክ ውስጥ ባስቀመጠው ሰርቨር ላይ የሚገኝ ውጤት ያማረ ነው፣ የምትጎበኙት ድረ ገጽ ግን እዚያ አይደለም ያለው።

ጥቅላችሁንም እዩ። አንዳንድ ጥቅል የፍጥነት ገደብ አለው። አንዳንዱ የተወሰነ ጊጋባይት ካለፈ በኋላ በተጨናነቀ ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል። የሌላውን ኔትወርክ ተከራይተው የሚሸጡ ኩባንያዎች ደንበኞችም ብዙ ጊዜ ቅድሚያቸው ዝቅ ያለ ነው። በርካሽ ጥቅል አንዱን፣ በውድ ጥቅል ሌላውን ለክታችሁ ኔትወርክ አነጻጸርኩ ማለት አይቻልም።

የዳታ ፍጆታውንም አስቡበት። በሰከንድ 500 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር አሥር ሰከንድ የሚፈጅ አንድ መለኪያ 625 ሜጋባይት ይበላል። በነገራችን ላይ ሜጋቢትና ሜጋባይት አይምታታባችሁ። 100 ሜጋቢት ማለት 12.5 ሜጋባይት ነው።

አሁን በእያንዳንዱ ቦታ፣ በሁለቱም ሰዓት፣ በሁለቱም ሲም ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል። ሲሞቹን ተራ በተራ አቀያይሩ፤ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ ሰዓቱ ይለወጥባችኋል። ቅዳሜና እሁድን አትዝለሉ፣ ሰፈር ውስጥ ጭነቱ ያን ጊዜ ሊበረታ ይችላል።

ቁጥሮቹን ስትሰበስቡ አማካይ አታውጡ። ዘጠኝ ልኬቶች እንዲህ ሆኑ እንበል፦ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8፣ 9፣ 60፣ 118። አማካዩ 24 ገደማ ነው። ከዘጠኙ ውስጥ ሰባቱ ግን ከ10 በታች ናቸው። በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሐል ላይ ያለውን ውሰዱ። እዚህ 6 ነው። ኑሯችሁን የሚገልጸው ይህኛው ነው። ከእሱ ጎን ዝቅተኛውን ጻፉ። ሰውን የሚያበሽቀው ኔትወርክ መሐሉ ያነሰው ሳይሆን ታችኛው የወረደው ነው። ለቪዲዮ 25 ወይም 80 ሜጋቢት ሲሆን ዓይናችሁ ልዩነቱን አያየውም። 1 ሜጋቢት ሲሆን ግን ወዲያው ይታወቃችኋል።

ፒንግ ስትለኩ ሁለቱንም ዓይነት እዩ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ያለው አንድ ነው፣ ዳውንሎድ እየተደረገ ያለው ሌላ ነው። የኡክላ ኩባንያ ስፒድቴስት የተባለው መለኪያ ለይቶ ያሳያል። ባዶው 35 ሚሊሰከንድ ሆኖ በጭነት ጊዜ 400 ከደረሰ፣ የቪዲዮ ጥሪያችሁ ቤተሰብ ፋይል ባወረደ ቁጥር ይንተባተባል።

ፋስት የተባለውን የኔትፍሊክስ የፍጥነት መለኪያ ደግሞ በተጨማሪ ሞክሩ። መለኪያው የሚካሄደው ፊልም በሚያሰራጩት በራሱ በኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ላይ ነው። ስፒድቴስት 60 እያለ ፋስት ደጋግሞ 4 አካባቢ ካሳያችሁ ኩባንያው ቪዲዮን እየገደበ ሊሆን ይችላል።

ስልክ መደወልንም አትርሱ። በእያንዳንዱ ቦታ አምስት አምስት ጊዜ ደውሉ። ለመጥራት ስንት ሰከንድ ወሰደ? ተቋረጠ? ስትደውሉ ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ወረደ? ከወረደ ያ ሲም ድምፅን በ4ጂ አያስተላልፍላችሁም፣ ወይ ስልኩ አልተፈቀደለትም።

8. የሌሎችን መለኪያ በጥንቃቄ አንብቡ

ትልልቅ ሪፖርቶች ይጠቅማሉ፣ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ኡክላ የሚሰበስበው በአብዛኛው ሰው ራሱ ቁልፉን ተጭኖ የለካውን ነው። ኦፕንሲግናል ከተጠቃሚው ስልክ ጀርባ በራሱ የሚለካውንም ይጨምራል። ሩትሜትሪክስ ባለሙያዎች ስልክ ይዘው እየዞሩ የሚለኩበት ነው። ሦስቱ የተለያየ አሸናፊ ቢያወጡ አትደነቁ።

ሪፖርት ስታነቡ አንድ ነገር ፈልጉ፦ "5ጂ ፍጥነት" ይላል ወይስ አጠቃላይ ፍጥነት? አንድ ኩባንያ 5ጂን በጥቂት ቦታ፣ ግን በሰፊ ባንድ ከዘረጋ የ5ጂ ፍጥነቱ ከሁሉም ይበልጣል። ደንበኛው ግን አብዛኛውን ቀን 4ጂ ላይ ነው። ስለዚህ "ደንበኛው ከጊዜው ስንት እጁን 5ጂ ላይ ያሳልፋል" የሚለውን ቁጥር አብራችሁ ተመልከቱ። የሽፋን ካርታም በብዛት የሚሠራው በኮምፒውተር ስሌት ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ለደጅ።

9. ሁለቱን ገጽ አጋጥሙ

አሁን በአንድ በኩል ይዞታው አለ፣ በሌላ በኩል ልኬታችሁ አለ። ጎን ለጎን አድርጉና አንብቡ።

አር ኤስ አር ፒውና ኤስ አይ ኤን አሩ ጥሩ ሆነው ማለዳ ፈጣን፣ ምሽት ዘገምተኛ ከሆነ ችግሩ ጭነት ነው። እዚህ ላይ ነው ይዞታው የሚጠቅማችሁ። ኩባንያው ሰፈራችሁ ላይ ያልሰቀለው ባንድ ካለው የመሻሻል ተስፋ አለ። ሁሉንም ሰቅሎ ጨርሶ ከሆነ ግን የቀረው መንገድ ታወር መጨመር ነው፤ ያ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ሁኔታ እኔ አልጠብቅም፣ እቀይራለሁ።

በማንኛውም ሰዓት እኩል ዘገምተኛ ሆኖ ሲግናሉ ጥሩ ከሆነ፣ ከታወሩ ኋላ ያለውን መስመር ጠርጥሩ። ታወሩ ከዋናው ኔትወርክ ጋር በፋይበር ሳይሆን በጠባብ የማይክሮዌቭ መስመር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ጥቅላችሁ ተገድቧል። በሌላ ጥቅል ሞክራችሁ ለዩት።

ደጅ ጥሩ፣ ቤት ውስጥ መጥፎ ከሆነ የዝቅተኛ ባንድ ጉዳይ ነው። ወደ ይዞታው ገጽ ተመለሱና ማን ከ1000 በታች ብዙ እንዳለው እዩ። ቤታችሁ ኢንተርኔት ካለው በዋይፋይ መደወልን መክፈት ኩባንያ ከመቀየር ይቀድማል።

ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ኤስ አይ ኤን አሩ ከ5 በታች ከሆነ የታወሮች መረባበሽ ነው። ከመስኮት ወደ መስኮት ስትዘዋወሩ ቁጥሩ ይለዋወጣል። የተሻለውን ጥግ ፈልጉና የምትሠሩበትን ወንበር ወደዚያ ውሰዱ። እኔ ከ3 ወደ 14 ያደረስኩት ጠረጴዛዬን ወደ ሌላኛው ግድግዳ በማዞር ብቻ ነው።

ኩባንያ ስትመርጡ ለየቦታው ክብደት ስጡ። ከቀናችሁ ስምንት ሰዓት የምታሳልፉበት ቦታ በሳምንት አንዴ ከምታልፉበት መንገድ ጋር እኩል አይመዘን። ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ደግሞ ዳታውን ከአንዱ፣ ድምፁን ከሌላው መውሰድ ይቻላል፤ ልኬቱ ሁለት የተለያዩ አሸናፊዎች ካወጣ ይህን አድርጉ።

ሠንጠረዡን አትጣሉት። በየስድስት ወሩ ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ብቻ ለኩ። በመሃል መተግበሪያው ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ የባንድ ቁጥር ካያችሁ፣ ሰፈራችሁ ታወር ላይ አዲስ ማሳ ታረሰ ማለት ነው። ያን ቀን ስድስት ወሩን ሳትጠብቁ ከደረጃ አንድ ጀምሩ።